ሳን ዲዬጎ መሀል ከተማ ለመኖር ካሰባችሁ

ቤት ስታዩ ቅድሚያ ለድምፅ ስጡ። ቤት የሚታየው ብዙ ጊዜ ቀን ነው፤ ቀን ደግሞ ሁሉም ሰፈር ጸጥ ያለ ይመስላል። አየር ማረፊያው ከመሀል ከተማው 3 ማይል ያህል ብቻ ነው፤ አውሮፕላኖቹም አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ መጥተው ባንከርስ ሂል በሚባለው ሰፈር ላይ ዝቅ ብለው አልፈው ያርፋሉ። «ከ11፡30 ማታ እስከ 6፡30 ጠዋት በረራ የለም» ቢሏችሁ (ሰዓቱ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው) ገደቡ ለሚነሣ እንጂ ለሚያርፍ አይሠራም። ሊትል ኢታሊ የሚባለው ሰፈርም ወደ ሰሜን ጫፉ ስትጠጉ ያው ነው። ኢስት ቪሌጅ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ፔትኮ ፓርክ የሚባል የቤዝቦል ስታዲየም አለ። በ2004 የተከፈተው ይህ ስታዲየም ነው አፓርታማዎቹን ተከታትለው እንዲበቅሉ ያደረገው፤ ነገር ግን ጨዋታ ወይም ኮንሰርት ባለበት ማታ መንገዱም ፓርኪንጉም ይጨናነቃል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አርብ ማታ 10 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ከመስኮቱ ሥር ሃያ ደቂቃ ቁሙ።

ዲፖዚት (ለአከራዩ በመያዣነት የሚሰጥ ገንዘብ) ላይ አትታለሉ። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መጠየቅ አይቻልም፤ ጥቂት ቤት ብቻ ያላቸው ትንንሽ አከራዮች እስከ ሁለት ወር ይፈቀድላቸዋል። ስትለቁ በ21 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ወይም የተቆረጠበትን ዝርዝር መላክ አለባቸው። ክርክር የሚነሣው ምንጣፍና ምድጃ ላይ ስለሆነ፣ ዕቃ ሳታስገቡ የምድጃውን ውስጥ ሳይቀር ፎቶ አንሥታችሁ ያኔውኑ ለአከራዩ በኢሜይል ላኩ። ቀኑን ኢሜይሉ ይመሰክርላችኋል።

መንገዱን ለመልመድ አንድ ቀን ይበቃል። ቁጥር ያላቸው አቬኒዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ አግዳሚዎቹ መንገዶች ከኤ እስከ ኬ በእንግሊዝኛ ፊደል የተሰየሙ ናቸው። «ዲ» ብትፈልጉ አታገኟትም፣ ብሮድዌይ ሆናለች። «ኤች» ማርኬት፣ «አይ» ደግሞ አይላንድ ተብለዋል። ከኤ በስተሰሜን የዛፍ ስሞች በፊደል ተራ ይቀጥላሉ፦ አሽ፣ ቢች፣ ሲዳር፣ ዴት። ብሎኮቹ 200 በ300 ጫማ ብቻ ስለሆኑ በካርታ ሩቅ የሚመስለው በእግር ቅርብ ነው።

ትሮሊ የሚባለው የከተማው ባቡር ጣቢያዎች ላይ ትኬት የሚቆጣጠር በር የለም፤ ብዙ ሰው የሚቀጣውም በዚሁ ነው። ፕሮንቶ የተባለውን የትራንስፖርት መክፈያ ካርዳችሁን ወይም ስልካችሁን ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ያለው ማሽን ላይ አስነኩ፤ መስመር ስትቀይሩም እንደገና። በ2025 ዋጋ አንድ ጉዞ 2.50 ዶላር ሆኖ ለሁለት ሰዓት መቀያየር ይቻላል፤ በቀን 6፣ በወር 72 ዶላር ከሞላ በኋላ ተጨማሪ አይቆረጥም። አንድ ቀን በካርድ፣ አንድ ቀን በስልክ ካደረጋችሁ ግን ሁለቱ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ ጣሪያው ላይ አትደርሱም። በጥሬ ገንዘብ ስትከፍሉ ደግሞ ነጻ መቀያየር የለም።

ለመጀመሪያ ጉብኝት ከ1915ቱ የሳንታ ፌ ባቡር ጣቢያ ተነሡ። በብሮድዌይ ወደ ውሃው ወርዳችሁ፣ ሚድዌይ የተባለችውን የጦር መርከብ አልፋችሁ፣ ዳርቻውን ይዛችሁ እስከ ሲፖርት ቪሌጅ ሂዱ፤ ከዚያ ጋዝላምፕ ወደሚባለው ሰፈር ታጠፉ። አራተኛና አይላንድ ማዕዘን ላይ ያለችው ትንሽ የእንጨት ቤት በ1850 ተገጣጣሚ ሆና በመርከብ የመጣች ናት። በግንቦትና በሰኔ ጠዋት ሰማዩ ደመና ስለሚሆን ከቀትር በኋላ ውጡ። ከውሃው ማዶ ወዳለችው ኮሮናዶ ከብሮድዌይ ፒር (የጀልባ መሳፈሪያ) በጀልባ ተሻገሩ፤ ጀልባው ፕሮንቶ አይቀበልም። ስትመለሱ በ901 አውቶቡስ ድልድዩን አቋርጡ፣ ይህኛው ይቀበላል፤ ከላይ የሚታየው ወደብም ከጀልባው እይታ ይበልጣል።

እንጀራ ሲያምራችሁ መሀል ከተማው ውስጥ አትድከሙ። 215 አውቶቡስ ይዛችሁ በኤል ካሆን ቡልቫርድ ወደ ሲቲ ሃይትስ አቅጣጫ ውጡ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ እዚያ ናቸው።