ለዋንዛ ረከቦት የሚስማማውን ቫርኒሽ መምረጥ

ቫርኒሽ ስንገዛ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው የትኛው ይበልጥ እንደሚያብረቀርቅ ነው፤ ሆኖም አንጸባራቂውም ደብዛዛውም በየዓይነቱ ስለሚገኝ፣ ምርጫው መጀመር ያለበት ዕቃው በየቀኑ ከሚደርስበት ነገር ነው። ረከቦት ላይ ቡና ይፈስሳል፣ ታጥቦ ያልደረቀ ሲኒ ይደረደራል፣ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል።

በአልኮል የሚሟሟው ጎማላካ የዋንዛን ቡናማ መልክ እጅግ ያደምቃል፤ ለግድግዳ ጌጥና ለሥዕል ፍሬም እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ውኃና ሙቀት ሲያገኘው ነጭ ምልክት ስለሚይዝ ለረከቦት አይሆንም። በቲነር የሚቀጥነው ናይትሮ ላኬር የሚደርቀው ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ ስለሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል፤ በመርጫ ለሚሠራ አናጺ ይመቻል፣ በብሩሽ ሲቀባ ግን ሳይስተካከል ይደርቅና መስመር ይተዋል።

በእኔ እምነት ለረከቦት የሚሻለው በአኳራጅ የሚቀጥነው ፖሊዩሬታን ቫርኒሽ ነው። ይህ ዓይነቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ የሚጠነክር በመሆኑ፣ ለመድረቅ ቢዘገይም አንዴ ከጠነከረ በኋላ ውኃንም የቡና ሙቀትንም በደንብ ይቋቋማል። ጥቂት ቢጫነት አለው፤ ዋንዛን ያሳምረዋል፣ ነጣ ላለ እንጨት ግን መልኩን የማይለውጠውን በውኃ የሚቀጥነውን መምረጥ ይሻላል። ፀሐይ ለሚመታው የውጭ በር ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ የፀሐይን ጨረር የሚከላከልና ከእንጨቱ ጋር የሚለጠጥ የውጭ ቫርኒሽ ያስፈልጋል።

እንጨቱን በቁጥር 120፣ ቀጥሎ በ180፣ በመጨረሻም በ220 የብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ አለስልሰው አቧራውን ያስወግዱ። ቆርቆሮውን አይናጡት፤ አረፋ ይፈጥራልና በእንጨት ቀስ ብለው ያማስሉት። የመጀመሪያውን እጅ በጥቂት አኳራጅ አቅጥነው ይቀቡና በማግስቱ በቁጥር 320 ወረቀት ቀለል አድርገው ካሻሹት በኋላ ሁለት እጅ ይጨምሩ። ሲነኩት ደረቅ ቢመስልም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ቡና ለማፍላት አይቸኩሉ። ቫርኒሹን የጠረጉበትን ጨርቅ ጠቅልለው ከጣሉት በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ ውጭ ዘርግተው ካደረቁት በኋላ ብቻ ይጣሉት።