60 ተማሪ ባለበት ክፍል ተከታታይ ምዘናን (የተማሪውን መረዳት በየጊዜው መለካትን) እንዴት እንይዘዋለን?

ሐዋሳ ውስጥ ሦስት ክፍል የምታስተምር መምህርት 180 ደብተር ይጠብቃታል። ለአንዱ 2 ደቂቃ ብትሰጥ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁሉንም ደብተር በየሳምንቱ ለማረም አትነሡ፤ ድካም ሲመጣ እርማቱ ወደ "ታይቷል" ፊርማ ይወርዳል፣ ያ ደግሞ ለልጁ ምንም አይነግረውም።

ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጨረሻዎቹን 6 ደቂቃዎች ተማሪዎቹ በቁራጭ ወረቀት ለሚመልሱት አንድ ጥያቄ አስቀሩ። ኤ4 ወረቀት አራት ቦታ ሲቆረጥ 15 ሉክ ለ60 ተማሪ ይበቃል። መልሶቹን ነጥብ ሳትሰጡ በሦስት ክምር ለዩ፦ የገባቸው፣ የተምታታባቸው፣ ያልገባቸው። ሦስተኛው ክምር ከ20 ካለፈ ነገ ያንኑ በሌላ ምሳሌ አስተምሩ። ማርክ ሊስት ላይ የምትመዘግቡት በሁለት ሳምንት አንዴ ይሁን።

ጎበዝ ተማሪ ጓደኞቹን እንዲረዳ የሚዋቀረው አንድ ለአምስት ቡድን የሚበላሸው ጎበዙ ሠርቶ ሌሎቹ ሲገለብጡ ነው። ለአባላቱ ቁጥር ስጡና ዕጣ የወጣለት ያስረዳ፤ የቡድኑ ነጥብ በእሱ ማብራሪያ ይወሰን። ዓይን አፋሩን ግን በመጀመሪያው ሳምንት አታስገድዱት።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው። ከሰሌዳው በግራ በኩል አምስት ቁልፍ ቃላት ጻፉ፤ ትርጉሙን በአማርኛም በሲዳምኛም ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ። ቃላቱ እስከ ደወል አይጥፉ።