ለውድድር የተዘጋጀች ሃይሉክስ የኋላ ጎማ መንጠርን እንዴት እንዳስቆምሁ

ባሕር ዳር ውስጥ ለአጭር የቀጥታ መንገድ ውድድር የማዘጋጃት፣ ከኋላ በባሌስትራ (በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ስፕሪንግ) የተያዘች አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ በድንገት ሲለቀቅ የኋላ ጎማዎቿ መሬቱን ጨብጠው በመግፋት ፈንታ እየነጠሩ ይደበድቡ ነበር።

መጀመሪያ ሾክ አብዞርበሮቹን በአዲስ ለወጥሁ፤ ንጥረቱ ለዘብ አለ እንጂ አልጠፋም። የጎማ ነፋስ መቀነስም አልረዳም። ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል ሳስገባ መኪናዋ ከኋላ ከፍ ብላ ደረቀች፤ ይህ ብቻ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ምክንያቱ የታየኝ ከጣና ዳር ባለ ባዶ ግቢ ውስጥ አነሣሷን ከጎን በስልክ ቀርጬ፣ ምስሉን አዘግይቼ ስመለከት ነው። ጎማው ወደፊት ሲዞር በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው የዲፈረንሻሉ ቤት በተቃራኒው ይጠመዘዛል፤ አፍንጫው፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ ወደ ላይ ሲነሣ የባሌስትራው የፊት ግማሽ ይቆለመማል፤ ተመልሶ ሲዘረጋም ጎማውን ያነጥረዋል። ሾክ አብዞርበር በዋናነት የሚገታው የላይና ታች እንቅስቃሴን ስለሆነ ይህን ጥምዘዛ ብቻውን አያሸንፈውም።

ስለዚህ የጨመርሁትን ቅጠል አውጥቼ፣ በሁለቱም ወገን ከባሌስትራው ሥር፣ ከአክሱ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚይዘው ዘንግ) መቀመጫ ተነሥቶ እስከ ባሌስትራው ፊተኛ መንጠልጠያ የሚደርስ ወፍራም ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) አስገጠምሁ። በፊተኛው ጫፉ ላይ፣ አክሱ ሲጠመዘዝ ባሌስትራውን ከሥር ተደግፎ ጥምዘዛውን የሚገታ ጠንካራ ጎሚኒ (ላስቲክ) አለው፤ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ሳለች በጎሚኒውና በባሌስትራው መካከል 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውሁ። መጀመሪያ ያለ ክፍተት ገጥሜው በኮብልስቶን ላይ ክፉኛ አንገጫግጮኝ ነበር። አክሱን የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች አሮጌዎቹን መልሶ ማሰር አደገኛ ስለሆነ በአዲስ ለውጬ፣ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ደግሜ አጠበቅኋቸው። ንጥረቱ ሙሉ በሙሉ ቆሟል።