ደሴ ላይ የግቢ አስፋልት ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ክረምቱ ወጣ ሲል ግቢውን አስፋልት ያስነጠፈ የደሴ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «ሬንጅ ላስቀባው እንዴ?»

መልሱ እንደ ምልክቱ ነው። ሬንጅ የዝናብ ልብስ እንጂ መድኃኒት አይደለም። አንዳንዱን ጉዳት በደንብ ይከላከላል፣ አንዳንዱን ግን ለጥቂት ወር አጥቁሮ ይደብቀውና በሚቀጥለው ነሐሴ ብሶበት ይወጣል። ስለዚህ በርሜል ከመግዛታችሁ በፊት ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ እዩ። ከገንዘቡ ግማሹን የሚያተርፍላችሁ ይኸው ነው።

ውጭ አገር የተጻፉ ምክሮች የሚያወሩት ባብዛኛው ስለ በረዶና መንገድ ላይ ስለሚበተን ጨው ነው። የኛ ጣጣ ሌላ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ህዳርና ታህሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይነካታል እንጂ መሬቷ በረዶ ሆኖ አያብጥም። አስፋልታችንን የሚጨርሰው የሐምሌና የነሐሴ ውሃ ነው፣ የተረፈውን የበጋ ፀሐይ ይቀበለዋል። የተቀባው ሬንጅ በወጉ እንዳይደርቅ የሚያደርገው ደግሞ ብርዱና ጭጋጉ ነው።

ነጥቷል፣ ጠጠሩም ይረግፋል

ሲነጠፍ ጥቁር የነበረው አሁን አመድማ ሆኗል። ጠዋት ግቢ ሲጠረግ ከአቧራው ጋር ደቃቅ ጠጠር ይሰበሰባል።

ምክንያቱ ፀሐይ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ኃይለኛ ነው፤ ጨረሩና አየሩ ተባብረው ሬንጁን ያደርቁታል፣ የደረቀ ሬንጅ ጠጠር አይዝም፣ ያልተያዘውን ጠጠር ክረምቱ ጠርጎ ወደ ቦይ ይወስደዋል። ሬንጅ መቀባት የመጣውም ለዚሁ ነው። ጥረጉ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ሁለት ስስ እጅ ቀቡ። በደህና ከተሠራ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያቆያል። በየዓመቱ መቀባት አያስፈልግም፤ እንዲያውም እየተደራረበ ሲወፍር ራሱ መሰንጠቅና መላጥ ይጀምራል።

ተነጥፎ ዓመት ሳይሞላው መርገፍ ከጀመረ ግን ጥፋቱን በፀሐይ አታሳብቡ። ትኩስ አስፋልት ሲመረት 150 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ80 ዲግሪ በታች ከወረደ በኋላ ሮለር ቀኑን ሙሉ ቢመላለስበት በወጉ አይጠቀጠቅም። እንግዲህ አስቡት፣ ከኮምቦልቻ በኩል ተጭኖ፣ ሸራ ሳይለብስ፣ የሐረጎን አቀበት እየተንፏቀቀ የወጣ አስፋልት ደሴ ሲደርስ ብርዱና ነፋሱ ይቀበሉታል፣ እዚህም ሮለሩ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ከዚያ በአካፋ እየተበተነ ሌላ ጊዜ ይባክናል። ላዩ የተስተካከለ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ክፍት ክፍት ነው። እንዲህ ያለውን ሬንጅ መቀባት ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ትክክለኛው መፍትሄ በላዩ ሌላ ንጣፍ መደረብ ነው። በሚቀጥለው ግን ሸራ የለበሰ መኪና ጠይቁ፣ ሮለሩም መኪናው ከመድረሱ በፊት ግቢ ውስጥ ቆሞ ይጠብቅ።

አዲስ አስፋልት ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ቢያንስ ሦስት ወር፣ ቢቻል ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይቆይ። ቶሎ ከተሸፈነ ውስጡ ያለው ቀላል ዘይት መውጫ ስለሚያጣ አስፋልቱ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል፣ ጎማም ይቀርጸዋል።

ቀጥ ቀጥ ያለ ስንጥቅ

ይኼ ቀላል ነው፣ ከክረምት በፊት ከደረሳችሁበት። ስንጥቁን በካቻቢቴ ወይም በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ ሳር በቅሎበት ከሆነ ከነሥሩ ንቀሉ፣ አቧራውን በኮምፕሬሰር ንፉት፣ ከዚያ የሞቀ ሬንጅ ወይም የስንጥቅ መሙያ አፍሱበት። ከሁለት ጣት በላይ ከሰፋ ባዶ ሬንጅ አይበቃውም፣ አሸዋ የተቀላቀለበት ይሁን። የቅባት ሬንጅ ስንጥቅ አይሞላም። ከላይ ጥቁር አድርጎት ያልፋል፣ ውሃው ግን መንገዱን ያውቀዋል።

እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ትንንሽ ቁርጥራጭ ሆኖ ተሰነጣጥቆ ጎማ በሚያልፍበት መስመር ላይ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ዝናብ ካቆመ በኋላ በተረከዛችሁ ጫን በሉትና ስንጥቁን እዩት። ቡናማ ወይም ጥቁር ጭቃ ውሃ ብቅ ብሎ ተመልሶ ይሰርጋል። ያንን ካያችሁ ሬንጅ የሚሸጥላችሁን ሰው አሰናብቱት። የታመመው አስፋልቱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ነው።

ሥሩ እንዴት ይርሳል? ደሴ ተዳፋት ናት፣ ከናንተ በላይ ሁልጊዜ አንድ ግቢ አለ። የሱ ፍሳሽ በድጋፍ ግንቡ ሥር ሰርጎ ወደናንተ ይወርዳል። ሁለተኛው የራሳችሁ አሸንዳ ነው። ቆርቆሮው የሰበሰበውን ውሃ በሙሉ ቱቦው አንድ ቦታ ላይ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይዘረግፈዋል፤ ብዙ ግቢ ውስጥ የመጀመሪያው ጉድጓድ የሚከፈተው እዚያው ነው። ሦስተኛው አፈሩ ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። እሱን ቆርጣችሁ ሳታወጡ በላዩ አምስት ሳንቲም ሜትር አስፋልት ብታነጥፉ የሚሆነው ይኸው ነው።

መፍትሄው ቆርጦ ማውጣት ነው። የተበላሸውን ከዳሩ ደህናው አስፋልት ጋር እስክትደርሱ በግራይንደር አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡ። ጭቃውንና የራሰውን አፈር ደረቁ እስኪገኝ ዛቁት። ሰሌክት (ለሙሌት የተመረጠ አፈር) ወይም የተፈጨ ጠጠር አሥር አሥር ሳንቲም እያደረጋችሁ ሙሉ፣ እያንዳንዱን ሳታሳልፉ በኮምፓክተር (በመጠቅጠቂያ ማሽን) ጠቅጥቁ። ባንዴ ሞልቶ ከላይ መጠቅጠቅ ቀልድ ነው፣ ታች ያለው አይሰማውም። ከዚያ የተቆረጠውን ጠርዝ ሬንጅ ቀብታችሁ አስፋልቱን መልሱ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ውሃውን ካላዞራችሁት ግን ምንም አልሠራችሁም። ከላይ በሚመጣው በኩል ቦይ ቁረጡ፤ የሚሰርግ ውሃ ከሆነ ቦዩ ከአስፋልቱ ሥር ካለው ጠጠር ዝቅ ይበል፣ ጠጠር ሞልታችሁ የተበሳ ቱቦ አስተኙበት። የአሸንዳውን ቱቦ እስከ ዲቹ አስረዝሙ። ከጎረቤት ጋር መነጋገር ግድ ከሆነም ክረምት ሳይገባ ተነጋገሩ። ሐምሌ ላይ ሁሉም ሰው የራሱ ጎርፍ አለበት።

ዝናብ ካቆመ በኋላ ውሃ ይተኛል

በቀጣዩም ቀን ካልጠፋ ተዳፋቱ አንሷል ማለት ነው። በሜትር ሁለት ሳንቲም ዝቅታ ያስፈልጋል። ትንሽ ከሆነ በደቃቅ አስፋልት ደልድሉት፣ ሬንጅ ብትቀቡበት ግን መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነው።

የተቀባው ይላጣል

በዘንድሮ ጥቅምት የተቀባ ሬንጅ በሚያዝያ እንደ ቅርፊት ከተነሳ የተላጠውን አንሱና ታቹን እዩት። አቧራ ከሆነ አልታጠበም። ቅባት ከሆነ የመኪና ዘይት ነበረበት። ጥርት ያለ ጥቁር አስፋልት ሆኖ የተላጠው ወፍራም ከሆነ ደግሞ ባንድ እጅ ተደፍቶበታል ማለት ነው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ እንደያዘ ቀርቷል። የሚነሳውን ሁሉ ፍቃችሁ እጠቡና በስሱ ድገሙ። ልኩ በአንድ እጅ ለካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። 60 ካሬ ግቢ በሁለት እጅ 60 ሊትር ይፈልጋል፤ ሠራተኛው 30 ሊትር ይበቃል ካላችሁ ወይ አንድ እጅ ነው የሚቀባው፣ ወይ የሆነ ነገር ሊቀላቅልበት ነው።

አይደርቅም፣ ጎማና ጫማ ላይ ይለጠፋል

የሆነ ነገር ስል ናፍጣ ማለቴ ነው። ሰውየው በርሜሉን በዱላ እያማሰለ «ጋሼ፣ ትንሽ ናፍጣ ጠብ ካልተደረገበት አይሳብም እኮ» ይላል። ባለቤቱም ምን ያውቃል፣ «እንደምታውቀው አርገው» ይላል። በቃ፣ ግቢው ተበላ። ናፍጣ በደሴ ብርድ ቶሎ አይተንም፣ ሬንጁ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ማር ያደርገዋል፣ ይባስ ብሎ ከሥሩ ያለውን ደህና አስፋልት ያላላዋል። ከተቀባ ወዲያ የሚደረገው ደረቅ ደቃቅ አሸዋ መበተን፣ መኪና ማራቅና ፀሐይ መጠበቅ ብቻ ነው። ካልሆነ መፋቅ ነው።

የምትፈልጉት ኢሙልሽን ነው፣ ሬንጅ በውሃ ውስጥ ተበትኖ የተዘጋጀው። ሲቀባ ቡናማ ነው፣ ውሃው ሲለቀው ይጠቁራል። ያ ቀለም ሳይለወጥ ካፊያ ከመጣ ቡናማው ውሃ ከነገንዘባችሁ ወደ ዲች ይወርዳል።

ኢሙልሽኑም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል። አየሩም አስፋልቱም ከ10 ዲግሪ በላይ፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን ዝናብ የሌለበት፣ ሌሊቱም ከባድ ብርድ ያልሆነ። ደሴ ላይ ይህ የሚገኘው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ከዚያ ደግሞ ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ነው። ህዳርና ታህሣሥ ቀኑ ቢያምርም ሌሊቱ ይገድለዋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ አለ፣ አይታመንም። በቀኑም ውስጥ ጭጋጉ ተነስቶ ጤዛው ሲደርቅ፣ አራት ሰዓት አካባቢ ጀምሩና ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ፤ ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ተራራ ካዘነበለች በኋላ የተቀባ እስከ ማግስቱ እርጥብ ነው። ለሰርግ ወይም ለበዓል ይድረስ ተብሎ ሲቻኮሉ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከተማዋ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሙቀት አላት። እዚያ ማድረቅ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሬንጅ ከበዛ በበጋ ቀትር ላይ መውዛቱና መለጠፉ ነው። ስስ አድርጉት፣ ጠዋት በጊዜ ቀቡት።

የዘይት ጠብታ ያለበት ይቦረቦራል

ባጃጅና መኪና ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ነው። ዘይትና ናፍጣ ሬንጁን ያሟሙታል። ትኩሱን በአመድ ወይም በሰጋቱራ ምጠጡት፣ ከዚያ በኦሞና በጠንካራ ብሩሽ እሹት። በካቻቢቴ ስትወጉት የሚገባ ከሆነ አስፋልቱ በስብሷል፣ ቆርጣችሁ ቀይሩት። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚሠራ ዘይት የሚቋቋም ቅባት አለ ቢሏችሁ እኔ አልመክርም። ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች በብዛት አሉበት፤ አሜሪካ ውስጥ የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 ከልክላዋለች። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ነው።

ጥላ ያለበት በኩል አረንጓዴ ሆኗል

በረኪና በውሃ አቅጥናችሁ አፍሱ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ፈግፍጉ። የዛፉን ቅርንጫፍ ካልከረከማችሁ ተመልሶ ይመጣል።

ሲዘንብ ያንሸራትታል

የደሴ ግቢ መግቢያ ባብዛኛው አቀበት ነው፤ ልሙጥ ሬንጅ የተቀባ አቀበት ደግሞ በዝናብ ለመኪናም ለሰውም አደጋ ነው። ምክንያቱ አሸዋ አልተጨመረበትም። በሊትር ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ የታጠበ፣ የተነፋ፣ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ይግባበትና እየተማሰለ ይቀባ፤ ካልተማሰለ አሸዋው በርሜሉ ሥር ተኝቶ ይቀራል። አስቀድሞ ልሙጥ ሆኖ ለደረቀው አሸዋ ያለበት ሌላ ስስ እጅ ድገሙበት። አቀበቱ በጣም ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ሬንጁን ተዉትና ኮብልስቶን አስነጥፉ፣ ጎማ በደንብ ይይዛል።

መኪና መቼ ይግባ ለምትሉ፣ በሌላ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃል ይባላል፤ ደሴ ላይ ሦስት ቀን ስጡት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደግሞ መኪናው ቆሞ መሪ አይጠምዘዝበት።