እናት ስትረሳ፦ ከውጭ ሆኖ ወሎ ያለን ቤተሰብ ማገዝ

ከጅዳ፣ ከቤይሩት ወይም ከዋሽንግተን ብር መላኩን ሁላችንም ለምደነዋል። ደሴ ወይም ወልዲያ ያለች እናት መርሳት ስትጀምር ግን ከብሩ የሚቀድመው ምርመራ ነው። «ጃጅታለች» ብሎ መተው ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚታከም መርሳትም አለ። የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ከወደቀች በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ ሁሉም አልዛይመር የሚባለውን የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ። ነገሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ከተምታታባት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንኳ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሐኪም ይያት። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሆስፒታሉ ግን አይቅር። የግፊት ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስድ ከሆነ መድኃኒቱ በሌላ ሰው እጅ ይሁን፤ መዋጧን ረስታ ልትደግመው ትችላለች። «ጾሙን ተዪው» ብላችሁ እናንተ ብትከራከሯት አትሰማም፤ ሼሁ ወይም የንስሐ አባቷ ይንገሯት።

ቀጥሎ ወረቀቱ፣ ማለትም ውክልናው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል። ስለዚህ እናት የምትፈርመውን እያወቀች ሳለ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ይህን በችኮላ ለማንም አታስፈርሟት፤ ወንድምና እህት የሚካሰሰው እዚህ ላይ ነው። ጊዜው ካለፈ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፤ ሞግዚት የሚሾመውም እርሱ ነው።

አሁን ወደ ስልኩ። ውጭ ያለን ሰዎች ሳናውቅ የምናሠቃያት በስልክ ነው። «እስቲ ማን ነኝ? አወቅሽኝ?» እንላለን። ጥያቄው ለእኛ ናፍቆት ነው፤ ለእርሷ ግን ሰው ፊት የሚወድቁበት ፈተና። ይልቅ ራሳችሁ ጀምሩ፦ «እማዬ፣ ዘሃራ ነኝ፣ ልጅሽ፤ ከጅዳ ነው የምደውለው። ቡና ተፈላ?» አቦል ላይ ከሆነች ስለ ቡናው ትናገራለች፣ ስለ ጎረቤት ትናገራለች፤ ስማችሁን ባታነሳም ድምፃችሁን ትወደዋለች። «አባትሽ ከባቲ ገበያ ቀረብኝ» ካለች፣ አባትም ከሞተ ዘመን ካለፈ፣ «ሞቷል እኮ» አትበሏት፤ ለቅሶው ለእርሷ ዛሬ ይጀምራል። «ከባቲ ምን ያመጣልሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲመሽ ብዙ ታማሚዎች ይበልጥ ይምታታባቸዋል፤ ጠዋት መደወል ይሻላል። ዋሽንግተን ያላችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ብትደውሉ ደሴ ማለዳ ነው።

አስታማሚዋ ብዙውን ጊዜ አገር ቤት የቀረች አንዲት እህት ናት፤ እርሷንም የሚያስታምም ይፈልጋል። ለእናት ከሚላከው ለይታችሁ በራሷ ስም ላኩላት፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚተካት ሰውም ቅጠሩ። በየቀኑ እየደወላችሁ «ለምን እንዲህ አላደረግሽም?» የምትሉ ከሆነ ግን ባትደውሉ ይሻላል። የቅሬውን (የእድሩን) ዳኛና የሰፈሩን ባለሱቆች ሳታፍሩ ንገሯቸው፤ እናት መናኸሪያ ስትንከራተት ያገኛት ሰው ወደ ቤቷ የሚመልሳት ካወቃት ነው። የእህትን ስልክ ቁጥር በጨርቅ ላይ ጽፎ ከቀሚሷ ውስጠኛ ክፍል መስፋት በጣም ይረዳል፤ ቦርሳ ትጥላለች፣ ቀሚሷን ግን አትጥልም።

አዲስ ቤት ሠርቶ እናትን ማዛወር የሁላችንም ሕልም ነው። ለዚህች እናት ግን አታድርጉት። በአሮጌው ቤት እግሯ መንገዱን ያውቃል፤ በአዲሱ ቪላ መጸዳጃ ቤቱን አታገኘውም። ለቪላው ያሰባችሁት ገንዘብ ከመኝታዋ እስከ መጸዳጃ ቤቱ መብራት ያስገባ፣ ደረጃው ላይ የእጅ መያዣ ያሠራ፣ ለደሴ ብርድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይግዛ። የከሰል ምድጃ ይዛ በር ዘግታ እንዳትተኛም ማታ ማታ ምድጃውን የሚያወጣ ሰው ይኑር።