ለአዲስ ካሜራ ሚሞሪ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ተዉት

ካሜራው ተገዛ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ስንት ወር እቁብ እንደተጠበቀለት፣ ስንት ሌሊት ዩቲዩብ እንደታየለት አውቃለሁ። የሚገርመኝ ግን ለካሜራው ያን ሁሉ የተጨነቀ ሰው ሚሞሪ ላይ ሲደርስ "ያው ሚሞሪ አይደል፣ አንድ ስጠኝ" ብሎ ኪሱ ከትቶ ይወጣል። እኔም እንደዚያው ነው የወጣሁት።

የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ካሜራዬ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ባለ 64 ጊጋ ሚሞሪ ሌላ ቦታ ከሚሸጥበት በግማሽ ዋጋ አግኝቼ፣ በራሴ ብልጠት ተደስቼ፣ ሻጩም "ብራዘር፣ ኦሪጅናል ነው፣ ካልሠራ አምጣው" ብሎኝ፣ በነጋታው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሳነሳ ዋልኩ። ሙሽራዋ ስትለብስ፣ በር ተይዞ ሲጨፈር፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ኬክ ሲቆረስ። ካሜራው አንዴም ቅሬታ አላሰማም። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው የጠዋቱ ሁሉ አለ። በር ከተያዘ በኋላ ያለው ግን ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም። እንደምንም ከተከፈቱት አንዱ ላይ የሙሽራዋ ግንባርና ዓይኗ አለ፣ ከአፍንጫዋ በታች ድፍን ግራጫ ነው። 64 የተባለው ሚሞሪ ለካ በውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ነበረው። አክስቴ ዛሬም ድረስ ካሜራዬን ስታይ "ያ ግራጫ ካሜራ መጣ?" ትለኛለች።

ስለዚህ ይቺን ከመክሰሬ በፊት ብሰማት ኖሮ ያልኩትን ልንገራችሁ።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የካሜራውን የሚሞሪ በር ከፍታችሁ እዩ። አብዛኛው ካሜራ የሚወስደው ኤስዲ የሚባለውን፣ የቴምብር ያህል ሆኖ አንድ ጥጉ የተቆረጠውን ነው። ፓናሶኒክ፣ ሳንዲስክና ቶሺባ ሆነው በፈረንጆቹ 1999 ያወጡት ሲሆን እስካሁን አለ። ሁሉም ካሜራ ግን ኤስዲ አይወስድም። ያገለገለ ኒኮን ዜድ 6 ገዝቶ ኤስዲ ይዞ የቀረ ሰው አውቃለሁ፤ በፈረንጆቹ 2018 የወጣው ዜድ 6 ያለው አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው፣ እሱም ኤክስኪውዲ የሚባለውን ወፈር ያለ ካርድ ነው የሚቀበለው፣ ሶፍትዌሩ ከታደሰ ደግሞ ሲኤፍ ኤክስፕረስን። እዚህ አገር ሰርግ ላይ የማይጠፋው ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ 3 ደግሞ ሁለት ማስገቢያ አለው፣ አንዱ ኮምፓክት ፍላሽ ለሚባለው ሰፋ ያለ ካርድ፣ አንዱ ለኤስዲ። የኤስዲው በኩል ቀርፋፋ ስለሆነ የዓለም ፈጣን ኤስዲ ብትከቱበትም ከራሱ ፍጥነት አያልፍም። እዚያ ላይ ለውድ ኤስዲ ገንዘብ ማፍሰስ ዝም ብሎ ማባከን ነው።

ኤስዲ ራሱም በመጠን ስሙ ይለያያል። እስከ 2 ጊጋ ያለው ኤስዲ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 32 ያለው ኤስዲ ኤችሲ፣ ከ32 በላይ እስከ 2 ቴራ ያለው ኤስዲ ኤክስሲ ይባላል። ኤክስሲው የመጣው በፈረንጆቹ 2009 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ አሮጌ ካሜራ ከተሰጣችሁ 32 ጊጋ ላይ ቁሙ። ይህንን ልዩነት ያዙት፣ ፎርጅድ ለመለየት እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ካርዱ ላይ በትልቁ 100፣ 170፣ 200 ተብሎ የተጻፈው ፎቶው ከካርዱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ያለው ፍጥነት ነው፣ ያውም ካርዱን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሪደር ጥሩ ከሆነ። ካሜራችሁ ሥራው ካርዱ ላይ መጻፍ ነው። የመጻፊያው ፍጥነት ከዚያ ያነሰ ስለሆነ በትልቁ አይጻፍም፣ ማን የራሱን ገመና በትልቁ ይጽፋል! እናንተ የምትፈልጓት ምልክት ካርዱ ላይ ከዳር የተወሸቀች ናት። የእንግሊዝኛዋ ሲ ውስጥ 10 ካለ በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። እንደ ባልዲ አፏን በከፈተችው ዩ ውስጥ 1 ካለ ያው 10 ነው፣ 3 ካለ 30። ከቪ ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ እንዳለ ይነበባል፤ ቪ30 ማለት በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት አልወርድም የሚል ቃል ነው። ቪ60 እና ቪ90ም አሉ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባባት ነገር አለች። የካሜራው መመሪያ ላይ የፎር ኬ ቪዲዮው "100 ሜጋ" ነው ይላል። የያዛችሁት ካርድ ቪ30 ነው። 30 እንዴት 100ን ይችላል ብሎ የሚሸበር አለ፣ ሻጩም ይህችን ፍርሃት ካያት በጣም ውዱን ነው የሚያወጣላችሁ። የካሜራው ሜጋ ሜጋቢት ነው፣ የካርዱ ግን ሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 100ን ለ8 አካፍሉት፣ 12.5 ይወጣል። ሶኒ ዜድቪ ኢ10 ወይም አልፋ 6400 በሙሉ አቅሙ ፎር ኬ ሲቀርጽ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው የሚጽፈው። ቪ30 ላይ ከእጥፍ በላይ ተረፋችሁ። ባለ 1ዷ ዩ ግን 10 ላይ ስለምትቆም አትበቃም፣ ካሜራውም በዚህ ካርድ በዚህ ጥራት አልቀርጽም ብሎ ቁጭ ይላል። ብልሽት አይደለም፣ ካርዱ ነው።

ከቪ30 በላይስ? ጀማሪ ከሆናችሁ አያስፈልግም፣ ይህን በልበ ሙሉነት ነው የምለው። የፈጣኖቹን ካርዶች ጀርባ ብታዩት ወርቃማ ጥርሶቹ ሁለት ረድፍ ናቸው፣ የተለመደው ካርድ አንድ ረድፍ ነው ያለው። ሁለተኛው ረድፍ ጥቅም የሚሰጠው ካሜራው ውስጥም ሁለተኛ ረድፍ ካለ ብቻ ነው። አልፋ 6400 ላይ የለም። ካርዱ ይሠራል፣ ግን እንደ ርካሹ ወንድሙ ነው የሚሠራው። ለየት የሚለው ስፖርት ወይም ሩጫ፣ ወይም በጥምቀት ጃንሜዳ ውሃ ሲረጭ ጎረምሳው ሁሉ ሲዘል በተከታታይ ተተተተ እያደረጋችሁ የምታነሱ ከሆነ ነው። ካሜራው ፎቶዎቹን መጀመሪያ የራሱ ጊዜያዊ ሆድ ውስጥ ይከታቸውና ቀስ እያለ ወደ ካርዱ ይገለብጣቸዋል። ሆዱ ሲሞላ ቁልፉን ብትጫኑትም እንደ ቀድሞው አይሄድላችሁም፣ ቀዩ መብራት ብቻ ብልጭ ብልጭ ይላል። ካርዱ በፈጠነ ቁጥር ሆዱ ቶሎ ይጎድላል። ካሜራችሁ ከቻለ ያኔ ለፈጣኑ ክፈሉ።

መጠኑን እንዲህ አስሉት። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ላይ አንድ የሮው ፎቶ (ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ጥሬው) ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይሆናል። 64 ጊጋ ላይ 2,000 ገደማ ይገባል። በጄፔግ፣ ማለትም በተለመደው ተጨምቆ በሚቀመጠው ፎቶ ብቻ ከሆነ በብዙ ሺህ። ያ 100 ሜጋቢት ቪዲዮ ግን በሰዓት 45 ጊጋ ይበላል፣ ስለዚህ 64ቱ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አያልፍም። ለፎቶ ሰው የእኔ ምክር አንድ 128 ከመግዛት ሁለት 64 ነው። አንዱ ቢጠፋ፣ ቢሰበር፣ ታክሲ ውስጥ ቢወድቅ ግማሹ ቀን ይተርፋል። ቪዲዮ የሚያበዛ ሰው በዚህ ላይስማማኝ ይችላል፣ መሐል ላይ ካርድ መቀየር ለሱ ራስ ምታት ነው። እሱ ሁለት 128 ይግዛ።

ፎርጅዱ ጋ ደረስን። እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉት ትንሽ ካርድ ወስደው፣ ውስጡ ያለችውን መቆጣጠሪያ ቺፕ "64 ነኝ በይ" ብለው ማስዋሸት ነው። ካሜራውም ኮምፒውተሩም ያምኗታል። ፕሮፐርቲ ብላችሁ ብታዩ 64 ይላል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ፎቶ ወይ የድሮው ላይ ይጻፍበታል ወይ እንዲሁ ይጠፋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ፎቶ አንስቶ "ይሠራል" ማለት ምንም አያረጋግጥም። ስንት አለ ሳይሆን ሲሞላ ምን ይሆናል ነው ጥያቄው።

ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ማየት የምትችሉት ነገር አለ። 64 ጊጋ ተብሎ ምልክቱ ላይ ኤችሲ የሚል ካርድ ካያችሁ ሳትከራከሩ አስቀምጡት፣ ኤችሲ ከ32 አያልፍም ብለናል። ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ ከተነሳ ተዉት። ማሸጊያው ተከፍቶ እንደገና የተጣበቀ ከሆነ ተዉት። ዋጋው ከጎረቤቱ በግማሽ ካነሰ፣ እኔን አስታውሱኝ። ደረሰኝ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ "ካልሠራ አምጣው" ዋስትና አይደለም። ወስጄው ነበር፣ ሻጩ "ይሄ የኔ ዕቃ አይደለም" አለኝ።

ቤት ስትገቡ ደግሞ ፈትሹት። ለዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ 3። ካርዱን እስከ አፉ ይሞሉትና መልሰው ያነቡታል፣ የጻፉትን ካላገኙ እቅጩን ይነግሯችኋል። 64 ጊጋ በተራ ሪደር አንድ ሰዓት አልፎም ይፈጃል፣ አስጀምራችሁ ቡና አፍሉ። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ካሜራውን ወደ መስኮት አዙራችሁ ቪዲዮ እስኪሞላ ቅረጹ፣ ከዚያ የመጨረሻውንም የመጀመሪያውንም ፋይል አጫውቱ።

ከውጭ የመጣ ሁሉ ኦሪጅናል ነው ብላችሁም አትታለሉ። በኢንተርኔት ገበያ ላይ ማንም ይሸጣል፣ ፎርጅዱ ዱባይም አሜሪካም አለ። ዘመድ ሲመጣ "ሚሞሪ አምጪልኝ" ብላችሁ ብቻ አትላኩ። እኔ ለእህቴ እንደዚያ ብዬ ስልክ ውስጥ የሚገባውን ትንሹን ማይክሮ ኤስዲ ይዛልኝ መጣች። ትልቁን ኤስዲ በሚያስመስለው ማቀፊያ ከትቼ ሠርቷል፣ ግን ለዋና ካሜራ አልወደውም፤ አንድ ተጨማሪ መገጣጠሚያ በተጨመረ ቁጥር የሚላቀቅ ነገር ይጨምራል። አሁን እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው፦ "ትልቁ ኤስዲ፣ ማይክሮ አይደለም፣ 64 ጊጋ፣ ቪ30፣ ሁለት ፍሬ፣ ከታወቀ ሱቅ።" ኤ1፣ ኤ2 የሚሉት ምልክቶች ስልክ ላይ አፕ ለማስኬድ ናቸው፣ ለካሜራ ብላችሁ አትክፈሉባቸው። ከተረፋችሁ ይልቅ ሪደር ላይ ጨምሩ። አሮጌው የዩኤስቢ 2 ሪደር በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት አይዘልም፣ ሙሉ ካርድ ለመገልበጥ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጣችኋል።

ካርዱ እጃችሁ ከገባ በኋላ ፎርማት የምታደርጉት ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ነው፣ ያውም ፎቶው ሁለት ቦታ ከተገለበጠ በኋላ። ቀዩ መብራት እየበራ በሩን አትክፈቱ። በስህተት ካጠፋችሁ ሌላ ፎቶ ሳታነሱ ካርዱን አውጡት፤ ላዩ ላይ እስካልተጻፈ ድረስ ፎቶ ሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ያወጣዋል። ካሜራው "ተቆልፏል" ካለ ካርዱ ጎን ያለችውን ሚጢጢ ጆሮ ወደ ላይ ግፏት። አንድ ጓደኛዬ ምረቃ ላይ ይቺው ጆሮ ተሰብራበት ሊያለቅስ ነበር፣ ቦታዋ ላይ ቀጭን ፕላስተር ለጥፎባት ቀኑን ሙሉ ሠራባት።

እኔ ካርዶቼ ላይ በማርከር 1 እና 2 ብዬ ጽፌያለሁ። ባዶው ካርድ መያዣው ውስጥ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፣ የሞላው ጀርባውን ሰጥቶ። ሰርግ መሐል እጅ ሲንቀጠቀጥ የትኛው የቱ ነው ብሎ መፈለግ የለም።