በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በኋላ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ ስለ ኮማንድ ፖስት፣ ማለትም አዋጁን ስለሚያስፈጽመው አካል፣ ያልተወራበት ቤት የለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን የሚቆጣጠርበት መንገድ ግን እምብዛም አይነሳም።

ፕሬዚዳንቱ ያውጃል ብሎ ማሰብ። በአሜሪካ እንዲያ ነው። በእኛ አገር የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። የክልል መስተዳድር ማወጅ የሚችለው የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲከሰት ብቻ ነው።

ቀኑ ካለፈ በኋላ መጮህ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት አዋጁ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል። ከጸደቀም ከስድስት ወር አይዘልቅም፤ ከዚያ በየአራት ወሩ የሚታደሰው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። የ2015ቱ አዋጅ ነሐሴ 8 ጸድቆ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ተራዝሟል። የመረጥነውን ተወካይ አጥብቀን መጠየቅ የነበረብን ከጥር በፊት ባሉት ሳምንታት ነበር።

መርማሪ ቦርዱን መርሳት። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። አንዲት እናት ስንቅ ቋጥራ ከጣቢያ ጣቢያ ስትንከራተት፣ በየበሩ "እዚህ የለም" ስትባል፣ የልጇን ስም ይፋ ማድረግ ያለበት አካል መኖሩን የሚነግራት የለም። ከምክር ቤቱ አባላትና ከሕግ ባለሙያዎች የሚመረጡት ሰባት የቦርድ አባላት፣ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ አለባቸው። አያያዙ ኢሰብዓዊ እንዳይሆን ይቆጣጠራሉ፤ አዋጁ ይራዘም ሲባልም አስተያየታቸውን ለምክር ቤቱ ያቀርባሉ። ስለዚህ ልጁ የተያዘበትን ቀን፣ ቦታና የወሰዱትን ሰዎች ማንነት ጽፎ ለቦርዱም ለተወካዩም መስጠት፣ አንድ ቅጂም ቤት ማስቀመጥ ይገባል። ቦርዱ ኢሰብዓዊ ድርጊት የፈጸሙት ለፍርድ እንዲቀርቡ የማድረግ ተግባር አለው፤ እርምጃ እንዲስተካከል ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አያዝም፤ ጉልበቱ ያለው ይፋ በሚያወጣው ነገር ላይ ነው።

በሕይወት የመኖር መብት በአንቀጽ 93 ተጠብቋል ብሎ መተማመን። አንቀጽ 93 አይነኬ ካላቸው መካከል ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 አለ፤ ስለ ሕይወት የሚደነግገው አንቀጽ 15 ግን የለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ይህ መብት በአስቸኳይ ጊዜም እንዳይነካ ያዛል፤ ቃል ኪዳኑም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል አንቀጽ 15 በአይነኬዎቹ ዝርዝር ውስጥ በስሙ እንዲገባ ተወካዮቻችንን ከአሁኑ መወትወት አለብን።